ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ
የአገር ከፍታ በሰው ኑሮና ልማድ ላይ ስላለው ኀይል

የሰው ልጅ ኑሮ ከሚኖርበት አገር ተፈጥሮ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ሊቃውንትን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፉ ሙቀትና ብርድ በሰው ጠባይና አኗኗር ላይ ስላላቸው ኀይል በሰፊው ተናግሯል። ሞንቴስኪዩም በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ የአየር ጠባይ ሕግንና አስተዳደርን እንኳ የሚነካ መሆኑን ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ራትሰል (1844–1904) ምድር የሕዝቦችን ታሪክ እንዴት እንደምትመራ ሲያስተምር፣ ፈረንሳዊው ፖል ቪዳል ደ ላ ብላሽ (1845–1918) ደግሞ ተፈጥሮ ለሰው ልዩ ልዩ መንገድ ታቀርብለታለች እንጂ አንዱን ብቻ አታስገድደውም፤ መራጩ ሰው ራሱ ነው ሲል ሌላውን ወገን ያዘ።

ይህን ክርክር በምሳሌ ለመመርመር እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር ማግኘት ያዳግታል። በሰሜን ተራሮች ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ራስ ዳሽን እና በአፋር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው የጨው ሜዳ በአንድ አገር ውስጥ ይገኛሉና። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው፣ ከፍታ በሰው ኑሮ ላይ የሚያዘው በምን ላይ እንደ ሆነ፣ ለሰው ምርጫ የሚተወውስ ምን እንደ ሆነ ነው። ጉዳዩ ለትምህርት ክርክር ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ብዙ ሕይወት ያስጠፋ መሆኑን ወደ መጨረሻው እናያለን።

ሀ. ከፍታ እንዴት እንደሚሠራ

ኢትዮጵያ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3ኛውና በ15ኛው ዲግሪ መካከል ነው። በዚህ አቀማመጧ ብቻ ቢፈረድ አገሩ ሁሉ ሞቃት መሆን ነበረበት። ነገር ግን አየር በይበልጥ የሚሞቀው ከላይ ከፀሐይ ሳይሆን ከታች ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣም እየሳሳ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ዳሎል ላይ በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን አማካዩ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በአውሮፓ ይህን የሚያህል ልዩነት ለማየት ብዙ አገር አቋርጦ ወደ ሰሜን መጓዝ ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ግን ከአባይ በረሃ ተነሥቶ ወደ ጎጃም ደጋ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ትልቁን ለውጥ በገላው ያውቀዋል።

ገበሬው ይህን ነገር ያወቀው ቴርሞሜትር ሳይመጣ ነው። ምድሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እያለ ከፍሎታል። በግምት ከ500 ሜትር በታች ያለው በረሃ፣ ከዚያ እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይም 2,400 ሜትር ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ሜትር ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ይባላል። ይሁን እንጂ ገበሬው ድንበሩን የሚያውቀው በሜትር ሳይሆን በሚበቅለው ነገር ነው። ማሽላ በደንብ የሚያፈራበት ቆላ ነው፤ ጤፍ የሚያምርበት ወይና ደጋ ነው፤ ጤፉ ቀርቶ ገብስና ባቄላ ብቻ የሚሆንበት ደጋ ነው። ዝናቡ፣ የተራራው ፊትና የነፋሱ አቅጣጫ ስለሚለያዩም አንዱ ቦታ ደጋ የሚባልበት ከፍታ በሌላው ወይና ደጋ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ደጋና ቆላ የአየር ስሞች ብቻ ሳይሆኑ የኑሮ ስሞች ናቸው፤ «ደገኛ» እና «ቆለኛ» ብለን የምንጠራው ሰውን መሆኑም ይህንኑ ያስረዳል።

ለ. ከፍታ የሚከለክለው

ከፍታ በእርግጥ የሚያዝበት ነገር አለ። ከሁሉ የሚበልጠው በሽታ ነው። ንዳድ ወይም ወባ የሚያመጣው ተሐዋሲ በትንኝዋ ሆድ ውስጥ ካላደገ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለማደግም ሙቀት ይፈልጋል። ዋናው ገዳይ ዓይነት አየሩ ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማል ለማለት ይቻላል። በአገራችን ከፍታ ሲሰላ ይህ ወሰን 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ይወድቃል። የደጋው ሰው ስለ ተሐዋሲው ሳያውቅ ወሰኑን አውቆ መንደሩን ጉብታ ላይ ሠራ፤ ቆላ ያለውን መሬቱን በቀን ወርዶ እያረሰ ማታ ወደ ደጋው የመመለስ ልማድም አደረገ። ትንኝዋ የምትናከሰው ይበልጡን በሌሊት ስለ ሆነ ይህ ልማድ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም።

ሁለተኛው ከልካይ የከብት በሽታ የሆነው ገንዲ ነው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ቆላማ ዝንብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የወንዝ ሸለቆዎች ትኖራለች፤ ወደ ደጋው አትወጣም። በሬ በማይኖርበት አገር ደግሞ ሞፈርና ቀንበር አይሠራም። ስለዚህ በሬ ጠምዶ የማረስ ሥልጣኔ ከደጋው ወርዶ በእነዚህ ቆላዎች ሳይስፋፋ የኖረበት አንዱ ምክንያት በዝንብ የተከለለ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በፈቃዱ የመረጠው ነው ለማለት አይቻልም።

ሐ. የአንድ ደገኛ ማዕድ

ልዩነት የሚለያይ ብቻ ሳይሆን የሚያገናኝም ነው። በደጋ አንድ ቤት ማዕድ ሲቀርብ ብናስተውል፣ ገብሱና ባቄላው የዚያው የደጋው ነው፤ ጤፉ ግን ከወይና ደጋ የወጣ ነው፤ በርበሬው ሞቅ ካለ አገር የመጣ ነው፤ ቡናው ከወይና ደጋ ጥላ ሥር የተለቀመ ነው። ወጡን ያጣፈጠው ጨው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ወለል በታች ካለው የአፋር ሜዳ ተቈርጦ፣ በግመል ተጭኖ ገደሉን ሲወጣ የኖረ ነው። ቤተ ሰቡ የለበሰው ሸማ ጥጡ የበቀለው ቆላ ነው። የሚደርበው ባና ግን ከራሱ በግ ጠጕር የተሠራ ነው። እንግዲህ አንድ ማዕድ ላይ አራት ዓይነት የአየር ጠባይ ይቀርባል ማለት ነው።

ይህ መለዋወጥ ጥንታዊ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ኮስማስ፣ ከአክሱም የሚነሡ ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው ወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ይተርካል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። አሞሌው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገንዘብነቱ አልቀረም። ትላልቆቹ ገበያዎችም ብዙ ጊዜ የቆሙት ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ወሰን ላይ ነው። በወሎ ምሥራቃዊ ገደል ሥር ያለው የባቲ የሰኞ ገበያ ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ አፋሩ ከበረሃ፣ ኦሮሞውና አማራው ከከፍተኛው አገር መጥተው ይገበያዩበታል። አንዱ የሌለውን ሌላው ይዞ ባይመጣ ኖሮ እንዲህ ያለ ገበያ ባልቆመም ነበር።

መ. አንድ ከፍታ፣ ሁለት ኑሮ

እስካሁን ያየነው ራትሰልን የሚደግፍ ይመስላል። አሁን ግን በአንድ ዓይነት ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ሕዝቦችን እናስተያይ። ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ላይ በጎጃምና በሸዋ ጤፍ ይታረሳል፤ በዚያው ከፍታ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐዲያ፣ በከምባታና በጌዴኦ እንሰት ይተከላል።

የጤፍ ገበሬ መሬቱን በበሬ ደጋግሞ ያርሳል፤ ዘሩን ይበትናል፤ ያርማል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ያጭዳል። ጎተራው የሚሞላው በዚያች ወቅት ነው። ሰፊ መሬትና ጥማድ በሬ ይፈልጋል፤ ዝናቡ በጊዜው ካልጣለለት የዓመት ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። እንጀራው ግን ለጉዞና ለከተማ ገበያ የሚመች እህል ነው፤ እህሉ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለግብርም፣ ለስንቅም፣ ለንግድም ይሆናል።

የእንሰት ተካይ ደግሞ ተክሉን በቤቱ ዙሪያ ያሳድጋል። እንሰቱ ለመድረስ በአብዛኛው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ነገር ግን የሚቈረጥበት የተወሰነ ወር የለም፤ ችግር ሲመጣ ቀደም ብሎም ሊቈረጥ ይችላል። ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፤ የተፋቀውን ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ በዚያም እየቦካ ለወራት ይቆያል፤ ቆጮ የሚሆነው ይህ ነው። ቡላውና አሚቾው፣ ቃጫው፣ ለከብት መኖ የሚሆነው ቅጠሉ ሁሉ ከዚያው ተክል ይገኛል። አንድ ዓመት ዝናብ ቢያጥር እንሰቱ ቆሞ ይጠብቃል። በጠባብ መሬት ብዙ ሰው ስለሚመግብም እንሰት ከሚበላባቸው ወረዳዎች አንዳንዶቹ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ የሚኖርባቸው ናቸው። ነገር ግን እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ፍግም ያለ ከብት አይገኝም፤ ስለዚህ ከብት እዚያ የሚረባው ለማረስ ብቻ ሳይሆን አትክልቱን ለማድለብ ነው። ቦታው በየዓመቱ በፍግ እየዳበረ የሚሄድ በመሆኑ ሰው መንደሩን ለቆ አይሄድም። ጉራጌ አገር ሄዶ ጀፎረ የሚባለውን ሰፊና ለምለም የመንደር መንገድ፣ በግራና በቀኙም ተሰልፈው የቆሙትን ቤቶች ከነእንሰታቸው ያየ ሰው፣ ተክሉ የመንደሩን አሠራር እንኳ እንደ ወሰነ ለመረዳት አያዳግተውም።

ምናልባት ልዩነቱን ያመጣው እንሰት በሰሜን ስለማይበቅል ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ጓሮዎች ተክሉ «ኮባ» ተብሎ ይታወቃል፤ የዳቦ ሊጥ የሚጠቀለለው በቅጠሉ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጎንደር በነበረበት ጊዜ ተክሉን አይቶ ሥዕሉን ከመጽሐፉ ጋር አሳትሞታል። እንግዲህ ምድሩም አየሩም ተክሉን ተቀብለውታል፤ በአንዱ አገር ቀዳሚ ምግብ፣ በሌላው የዳቦ መጠቅለያ ያደረገው ሰው ነው። ዱር በቀል እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ አልምቶ ቀለቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዱ ለቪዳል ደ ላ ብላሽ ይሆናል። ተፈጥሮ ጥያቄውን ታቀርባለች፤ መልሱን የሚያወጣው ግን ሕዝቡ ነው።

ሠ. መልሱን የሚጠብቅ ሥርዓት

መልስ አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ዝም ብሎ አይኖርም፤ ጠባቂ ይፈልጋል። ኮንሶን እንመልከት። አገሩ ደረቅና ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡም ሲመጣ በኀይል ስለሚወርድ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ሕዝቡ ከ400 ዓመት በላይ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየከለለ አፈሩንና ውሃውን አስቀርቷል፤ እርከኑ በአንዳንድ ሥፍራ 5 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በዚህም ምክንያት አገሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን የእርከን ግንብ በየክረምቱ ይናዳልና በየዓመቱ መጠገን አለበት፤ ይህንንም አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የኮንሶን አፈር ይዞ ያቆየው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ሰዎችን ለጋራ ሥራ የሚያወጣው ልማድ ነው።

ሌላው ምሳሌ በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የጓሳ ምድር ነው። በዚያ ብርድ ዛፍ አይገኝም፤ ሕዝቡ የቤቱን ክዳን፣ ገመዱንና ከዝናብ የሚጠለልበትን ገሳ የሚያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ በየዓመቱ ቢታጨድ ስለሚያልቅ፣ በአገሩ ትውፊት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ምድሩን ለጥቂት ዓመታት እየዘጉ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ኖረዋል። ሥርዓቱ ከመሬት ርስት ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲያስቀር ቄሮውም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ተመካክሮ አዲስ የጋራ ደንብ አቆመ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ሥፍራው የማኅበረሰቡ ጥብቅ ምድር ሆኖ ታውቋል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ የሚታዩት ሕዝቡ ለቤቱ ክዳን ብሎ በጠበቀው ሣር ምክንያት ነው።

ረ. ጥያቄው ሲለወጥ

ከዚህ በላይ ያየናቸው መልሶች ሁሉ የተገኙት ለአንድ ለታወቀ ጥያቄ ነው። አየሩ ቢለወጥ ወይም ሰዉ ከቦታው ቢዛወር የቀድሞው መልስ ላያገለግል ይችላል። ለዚህ ሁለት ከባድ ማስረጃዎች አሉ።

የመጀመሪያው የእ.ኤ.አ. የ1958 የንዳድ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልክ በላይ ሆነ፤ ሙቀቱም ከልማዱ ጨመረ፤ በሽታውም ከቆላ ወጥቶ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ተዛመተ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ጉዳቱ እንዲህ የከፋው የደጋው ሰው በሽታውን ለምዶ ገላው የመቋቋም ኀይል ያላገኘ በመሆኑ ነው። ለብዙ ትውልድ የጠበቀው ከፍታ ሳያስበው ከዳው።

ሁለተኛው ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ የተደረገው ሰፈራ ነው። ከሰሜኑ ደጋ፣ ይበልጡንም ከወሎ፣ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላዎች ተወሰደ። በካርታ ላይ ሲታይ መሬቱ ሰፊ፣ ዝናቡም የበቃ ነበረ። ነገር ግን ሰዉ ከጉብታው ወርዶ ንዳድ ባለበት ሜዳ ሰፈረ፤ በሬዎቹ በገንዲ የሚያልቁበት አገር ገባ፤ እህሉም አፈሩም ለእርሱ እንግዳ ነበር። ብዙ ሰው ታመመ፤ ብዙም ሞተ። በቀደሙት ዘመናት በዚያ የኖሩት ሕዝቦች ለዚያ አገር የራሳቸው መልስ ነበራቸው፤ እቅዱን ያወጡት ግን ያንንም ይህንንም አልጠየቁም። አገርን በስፋቱ ለክቶ በከፍታው አለመለካት ያመጣው ጉዳት ይህ ነው።

ዛሬም ጥያቄው በመለወጥ ላይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የኢትዮጵያና የኮሎምቢያ ደጋዎች ተመርምረው፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት የወባ ሕሙማን ወደ ከፍተኛው ቦታ እየበዙ እንደሚሄዱ ታይቷል። አያቶቻችን መንደራቸውን የሠሩበት ወሰን ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። የጤፉና የገብሱም ወሰን አብሮ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ወደ ላይ የሚሸሽ ነገር ግን መጨረሻ አለው፤ ከተራራው ራስ በላይ ሌላ ደጋ የለምና።

ሰ. ማጠቃለያ

እንግዲህ በክርክሩ ላይ ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው እውነት አላቸው። ከፍታ ሙቀትን፣ በሽታንና የሚበቅለውን ነገር ይወስናል፤ በዚህ ላይ ሰው ትእዛዝ የለውም። ከሚበቅለው ውስጥ የትኛውን እንደሚተክል፣ በምን እንደሚያርስ፣ መንደሩን እንዴት እንደሚሠራ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ግን የሰው ድርሻ ነው። ባህል የምንለውም ሕዝብ ለምድሩ ጥያቄ ያወጣው መልስ፣ ከነጠባቂው ደንብ ጋር ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሥራ አለ። በየወረዳው ያሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ይህን መልስ በቃላቸው ይዘውታል፤ የትኛው ገብስ ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው እንሰት ለድርቅ እንደሚበረታ፣ ማደሪያ የማይሆነው ሸለቆ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃሉ። ጥያቄው ሲለወጥ አዲስ መልስ የሚወጣው ከባዶ ሳይሆን ከዚህ እውቀት ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ የመንደሩን ከፍታ፣ የሚዘራውን እህል፣ የደጋና የቆላ ወሰን የሚባለውን ቦታና በአባቶቹ ዘመን ወሰኑ የት እንደ ነበረ ጠይቆ ቢጽፍ፣ ሥራው ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ጥቅም አለው። መንገድ፣ ሐኪም ቤትና ሰፈራ የሚያቅዱ ሰዎች ከካርታው አጠገብ ሊያኖሩት የሚገባው እንዲህ ያለውን መዝገብ ነውና።